ዓሣን ስለ መግዛትና ስለ መጠበቅ

በቋንቋችን «መግዛት» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ዋጋ ከፍሎ ዕቃን የራስ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ሥልጣን ይዞ ማስተዳደር ነው። በፊተኛው ፍች ዓሣን መግዛት ቀላል ነው፤ ወደ ሱቅ ሄዶ፥ በዋጋ ተከራክሮ፥ ውኃ ባለበት የላስቲክ ከረጢት ይዞ መመለስ ብቻ ነው። በሁለተኛው ፍች ዓሣን መግዛት ግን ቀላል አለመሆኑን እኛ በራሳችን ስሕተት ተምረነዋል። ስለዚህ ልጆቻቸው «ዓሣ ይገዛልን» እያሉ የሚለምኗቸው ወላጆች ከስሕተታችን እንዲጠቀሙ በማሰብ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ታናሹ ልጃችን ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ቢመጣ፥ «ምን እንሸልምህ?» ብለን ጠየቅነው። ልጁም ብዙ ሳያስብ «ዓሣ» አለ። በማግሥቱ እዚሁ አዲስ አበባ የቤት ዓሣ ወደሚሸጥበት ሱቅ ይዘነው ሄድን። እርሱም ወርቃማዎቹንና ቀያዮቹን ሁሉ አልፎ፥ በአንድ ጥግ ብቻውን ቆሞ በሚመለከተው ትንሽ ዓሣ ላይ ዓይኑን ጣለ። ዓሣው ርዝመቱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፥ መልኩ ጥቁር፥ በጎኑም ላይ እንደ ፍም የቀላ ዝንጉርጉር ያለበት ነበረ። ስሙ «ኦስካር» እንደሚባል ተነገረን። ሻጩን «ምን ያህል ያድጋል?» ብንለው፥ «የሚያድገው እንደ ሣጥኑ መጠን ነው፤ ሣጥኑ ትንሽ ከሆነ እሱም ትንሽ ሆኖ ይቀራል» ብሎ መለሰልን። እኛም ነገሩን አምነን፥ 60 ሊትር ውኃ የሚይዝ የመስተዋት ሣጥን ጨምረን ገዝተን ተመለስን።

ልጁ በቀለሙ ምክንያት «ፍሙ» ብሎ ስም አወጣለት። አያቱ ግን መነጽራቸውን አድርገው፥ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብለው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ጥጃ ገዝታችሁ በዶሮ ቤት እንዳታስሩት ተጠንቀቁ፤ እናቱን አይታችኋል ወይ?» አሉን። እኛም ሳቅንና አለፍነው።

አያቱ እንዳሉት የፍሙን ወገን አስቀድመን ጠይቀን ብንሆን ኖሮ ብዙ ነገር በተረዳን ነበር። ኦስካር የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፥ ታላቁ የአማዞን ወንዝና ገባሮቹ ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. ሉዊ አጋሲ የተባለው የስዊስ ተወላጅ ሊቅ ስለ ዓሣው ጽፎ የሳይንስ ስም ሰጠው። ስሙም የተወሰደው በጅራቱ ሥር ካለው፥ ዙሪያው በብርቱካን ቀለም ከተከበበው፥ ዓይን ከሚመስለው ጥቁር ነጥብ ነው። ይህ ዓሣ ሲክሊድ ከሚባለው ታላቅ ነገድ የሚቈጠር ነው። ከዚህ ነገድ እስካሁን ከ1,700 የሚበልጡ ዓይነቶች ስማቸው ተመዝግቧል፤ አብዛኞቹም የሚገኙት በአፍሪካና በአሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች ነው።

ነገዱ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጣና፥ በዝዋይ፥ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች የሚጠመደው ቆሮሶ የኦስካር ዘመድ፥ እርሱም ሲክሊድ ነው። ሁላችንም የምናውቀው በሳህን ላይ ስለ ሆነ ጠባዩን ያስተዋልን ጥቂቶች ነን። የቆሮሶ እናት እንቁላሎቿን ከጣለች በኋላ በአፏ ውስጥ ሰብስባ ትይዛቸዋለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ ምግብ ሳትበላ ወይም እጅግ ጥቂት ብቻ እየቀመሰች ትጠብቃቸዋለች። አደጋ የመጣ እንደ ሆነም ተመልሰው በአፏ ይሸሸጋሉ። ኦስካር በበኩሉ እንቁላሉን በአፉ አይዝም፤ ነገር ግን ወንዱና ሴቷ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአፋቸው ጠርገው ካጸዱ በኋላ እንቁላሎቹን በዚያ ላይ አኑረው፥ በክንፋቸው ውኃውን እያራገቡ አብረው ይጠብቃሉ።

የዚህን ነገድ ጠባይ በቅርብ ከመረመሩት አንዱ በ1973 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ ነው። እርሱ በ1949 ዓ.ም. ባሳተመውና ንጉሥ ሰሎሞን ስለ እንስሳትና ስለ ዓሦች መናገሩን በሚያስታውስ ስም በሰየመው መጽሐፍ፥ በመስተዋት ሣጥን ስላሳደጋቸው ትንንሽ ሲክሊዶች ይተርካል። አንድ ምሽት አባትየው ጫጩቶቹን በአፉ እየሰበሰበ ወደ መኝታቸው ሲመልስ፥ ትል ተሰጠውና ጎረሰ። ገና ሳይውጠው ከወንድሞቹ ተለይቶ የሚዋኝ አንድ ጫጩት አየ፤ ሮጦም በዚያው አፉ ያዘው። አሁን በአፉ ውስጥ የሚበላውና የማይበላው ተቀላቀሉ። ዓሣው ለጊዜው ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ከዚያም ሁለቱንም ተፋቸው፤ ትሉን ልጁን በዓይኑ እየጠበቀ ከበላ በኋላ፥ ልጁን መልሶ ይዞ ወደ እናቱ ወሰደው። ይህን የሰማ ሰው ዓሣን እንደ ግድግዳ ሥዕል ሊቈጥረው የሚችል አይመስለንም።

አሁን ወደ ቤታችን ታሪክ እንመለስ። ፍሙ ስለ ሣጥኑ መጠን የተነገረንን አላወቀም። ኦስካር በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ምግብ ካገኘ በየወሩ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ያድጋል፤ ሙሉ ዓሣ ሲሆንም ርዝመቱ ከ30 እስከ 35 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ያልፋል። በደንብ የተያዘ እንደ ሆነ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። ይህም ማለት አንድ ልጅ በአራተኛ ክፍል ሳለ የተሸለመው ዓሣ ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ በሕይወት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። የጠበበ ሣጥን የዓሣውን ዕድገት ቢያጓትተው እንኳ በሚከማችበት እድፍ ጤናውን ስለሚያበላሽ ነው እንጂ ዓሣው በመጠኑ ረክቶ አይደለም።

ታኅሣሥ ሲገባ ፍሙ ወደ 20 ሳንቲሜትር ደርሶ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ዞሮ ለመመለስ ይቸገር ጀመር፤ ውኃውም ቶሎ ቶሎ ይደፈርስ ነበር። በግንባሩ ላይ ደግሞ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ሁለት ጉድጓዶች ታዩ። ይህ በሽታ ከቆሸሸ ውኃና ከተጓደለ ምግብ ጋር አብሮ የሚታይ መሆኑን የተረዳነው ኋላ ነው። በገና ዋዜማ እንግዶች ስለምንቀበል፥ ሳሎናችን እንዲያምር ብለን ውኃውን በሙሉ ደፍተን፥ ድንጋዮቹንና የማጣሪያውን ስፖንጅ ከቧንቧ ሥር አጥበን፥ በቧንቧ ውኃ መልሰን ሞላነው። ውኃው እንደ መስተዋቱ ጠራ፤ እኛም ደስ አለን። በማግሥቱ ጧት ግን ዓሣው ከሣጥኑ ወለል ላይ በጎኑ ተኝቶ፥ ጉንጮቹን በፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ ይተነፍስ ነበር። ልጁ በበዓሉ ቀን ከሣጥኑ አጠገብ አልነሣም ብሎ ዋለ።

በሰፈራችን የባዮሎጂ መምህር የነበሩና ብዙ ዘመን ዓሣ ያሳደጉ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ልጁ ራሱ ሮጦ ጠራቸው። እርሳቸውም ያደረግነውን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፥ «እናንተ ሣጥኑን አላጠባችሁም፤ ኩላሊቱን አውጥታችሁ ጣላችሁት እንጂ» አሉን። ቃላቸውንም እንዲህ ሲሉ አብራሩልን።

ዓሣ ከሚተነፍስበትና ከሚያወጣው እድፍ አሞኒያ የተባለ መርዝ ወደ ውኃው ይገባል። ይህን መርዝ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም ለዓሣ መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በይበልጥ የሚኖሩት በማጣሪያው ስፖንጅና በድንጋዮቹ ላይ ነው። በአዲስ ሣጥን ውስጥ በበቂ መጠን እስኪራቡ ድረስ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ይፈጃል። እኛ ግን በቧንቧ ውኃ አጥበን፥ ጀርም እንዲገድል የተጨመረበትን ክሎሪንም ሳናስወግድ ሞልተን፥ በአንድ ቀን አጠፋናቸው። ክሎሪኑ የዓሣውንም ጉንጭ አቃጠለው።

ሽማግሌው ከራሳቸው ሣጥን የቆየ ስፖንጅ አምጥተው በማጣሪያችን ውስጥ ጨመሩልን፤ ክሎሪኑን የሚያጠፋ መድኃኒትም ጠብ አደረጉበት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከውኃው ሲሶውን ብቻ እየቀዳን፥ ተዘጋጅቶ በቆየና በሙቀቱ በተካከለ ውኃ እንድንተካው አዘዙን። በአራተኛው ቀን ፍሙ ቀና ብሎ ዋኘ። በግንባሩ ላይ ያሉት ሁለቱ ጠባሳዎች ግን ዛሬም አሉ፤ ባየናቸው ቍጥር የገናን ዋዜማ ያስታውሱናል።

ዓሣው ቢድንም መኖሪያው አልሰፋም። ለአንድ ኦስካር ብቻ ቢያንስ 280 ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉዳይ ስንጨነቅ፥ አንድ ዘመዳችን በቅን ልቡና፥ «ወደ ሐይቅ ወስዳችሁ ብትለቁት ለእናንተም ዕረፍት ነው፤ ለእሱም ነፃነት፤ ጽድቅም ይሆንላችኋል» አለን። አሳቡ መልካም ይመስላል፤ እኛም ለጥቂት ቀናት ልባችን ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። ነገሩን ስንመረምር ግን ጽድቅ የሚመስል ጥፋት መሆኑን ተረዳን።

ለዚህ ትልቁ ምስክር ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። በዚህ ሐይቅ በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ የትንንሽ ሲክሊድ ዓይነቶች ይኖሩ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት የናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ሥጋ በል ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ። በ1980ዎቹም ቍጥሩ እጅግ በዛ፤ ከሐይቁ ውኃ መበከል ጋር ተዳምሮ ወደ 200 የሚገመቱ የሲክሊድ ዓይነቶችን ከዓይን አጠፋ። ይኸው ናይል ፐርች በአገራችን በጫሞ ሐይቅ በተፈጥሮው የሚኖር፥ ለአጥማጆችም እንጀራ የሆነ ዓሣ ነው። በቦታው በረከት የሆነው ፍጥረት ያለ ቦታው ጥፋት ሆነ። ኦስካርም ራሱ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍለ አገር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወደ ውኃ ገብቶ፥ ዛሬ በቦዮቹና ኤቨርግሌድስ በሚባለው ታላቅ ረግረግ ተራብቶ ይኖራል። እኛም በጣና ሐይቅ በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ የባርቡስ ዓይነቶች አሉን። እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ሕዝብ የሳሎን ዓሣውን ወደ ሐይቅ መጣል አይገባውም። የቤት ዓሣ በሽታም ሊያስተላልፍ ስለሚችል አንድ ብቻ ነው ብሎ መልቀቅ ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ የሳሎናችንን ወንበሮች ልንለውጥበት ያስቀመጥነውን ገንዘብ አውጥተን፥ ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 50፥ ቁመቱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን አሠራን። ወንበሮቹ ዛሬም አሮጌዎቹ ናቸው። ይህን የምንናገረው ለመመካት ሳይሆን፥ ዋጋውን ማንም አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው። አውራ ጣት የምታህለው ዓሣ የተሸጠችልን በጥቂት ብር ነበር፤ የተከተለው ግን ሣጥኑ፥ ማጣሪያው፥ ማሞቂያውና መብራቱ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምቶ እንዲህ ያለውን ትልቅ ዓሣ በቤቱ ለማኖር የሚወድ ቢኖር፥ በልምድ ያገኘነውን በአጭሩ እናስታውሰዋለን።

በመጀመሪያ፥ ሣጥኑ የሚቆምበትን ሥፍራ መምረጥ ይገባል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፥ 300 ሊትር የሚይዝ ሣጥን ከመስተዋቱና ከድንጋዩ ጋር ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል፤ ይህን በተራ ጠረጴዛ ላይ ማኖር አደጋ ነው። ኦስካር ስለሚዘል ክዳኑ ጥብቅ ይሁን። ድንጋዮችንም እየገፋ ስለሚጫወትባቸው ከመስተዋቱ ጋር እንዳይጋጩ ተደርገው ይቀመጡ፤ ማሞቂያውም መከላከያ ይደረግለት።

ሁለተኛ፥ ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ሣጥኑ ተሞልቶ፥ ማጣሪያው እየሠራ ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡ ይቆይ። እነርሱም የሚራቡት አሞኒያ ሲያገኙ ስለ ሆነ፥ ጥቂት የዓሣ ምግብ በየቀኑ ጣል ማድረግ ወይም ከቆየ ሣጥን ስፖንጅ መዋስ ያስፈልጋል። በመለኪያ ሲታይ አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሳይሆን ዓሣ ማስገባት አይገባም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከውኃው ሲሶ ያህሉ ይለወጥ። ስፖንጁ የሚታጠበው ከሣጥኑ በተቀዳ ውኃ በባልዲ ውስጥ ነው እንጂ ከቧንቧ ሥር አይደለም።

ሦስተኛ፥ የአዲስ አበባን አየር ማሰብ ያስፈልጋል። ኦስካር የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሆነ ውኃ ነው፤ ወደ 13 ዲግሪ የወረደ እንደ ሆነ ይሞታል። ደግሞ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ የውኃውን ገጽ ዘወትር የሚያናውጥ የአየር መንፊያ እዚህ ቅንጦት አይደለም። መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ መንፊያ መጠቀም፥ እርሱም ካልተገኘ ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው። መብራቱ እስኪመጣ ምግብ አይሰጥ፤ ላዩን ለአየር ክፍት ትቶ ጎኖቹን በጋቢ መሸፈንም ሙቀቱን ያቆየዋል።

አራተኛ፥ ስለ ምግብ። የበሬ ሥጋ ስቡ ስለማይፈጭለት አይስማማውም። ትንንሽ ዓሣ በሕይወቱ መስጠትም በሽታ ያመጣል፤ ወርቃማው ዓሣ በተለይ የቪታሚን ቢ አንድን ጥቅም የሚያጠፋ ነገር በሥጋው አለበት። ለእነዚህ ዓሦች የተዘጋጀው እንክብል ምግብ ዋናው ይሁን፤ ከእርሱም ጋር የምድር ትልና የተቀቀለ አተር ይጨመር። ለሙሉ ዓሣ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን ምንም ባይበላ አይጎዳም፤ በቤታችን ይህ ቀን ዓርብ እንዲሆን የወሰኑት አያቱ ናቸው።

አምስተኛ፥ ባልንጀራ ለመጨመር አይቸኮል። በአፉ የሚገባውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል፤ የማይገባውንም ሥፍራ ከጠበበው ይደበድባል። አንድ ኦስካር ብቻውን በሰፊ ውኃ ቢኖር፥ ከሁለት በጠባብ ቢጣሉ ይሻላል።

ፍሙ ዛሬ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ርዝመቱም ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ሆኗል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወደ መስተዋቱ ፊት ይቀርባል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ከድንጋዩ ኋላ ይቆማል። ቅዳሜ ጧት ውኃውን የሚለውጠው ልጁ ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት በጀሪካን ያዘጋጀውን ውኃ ሙቀቱን ለክቶ ይጨምራል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ እንደገና አንደኛ ወጥቶ ቢመጣ «አሁንስ ምን እንሸልምህ?» ብንለው፥ ትንሽ አሰበና፥ «ለፍሙ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ» አለን።

ያን ጊዜ አያቱ ከተቀመጡበት ቀና ብለው፥ «አሁን ገና ዓሣውን ገዛኸው» አሉት።